መልስ፦ አኒሜሽን ከኮምፒውተር ልጀምር ወይስ ከወረቀት?

«ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ከሆነ በእጅ መሳል ለምን ያስፈልገኛል?» ብለህ ጠይቀሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ብቻውን አይሠራውም።

መሠረቱ ለሁሉም አንድ ነው። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ያሳያል። ምስሎቹ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚለያዩ ዓይናችን እንቅስቃሴ አድርጎ ያያቸዋል። በእጅ የሚስሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ሁለቴ ስለሚጠቀሙበት ለሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃቸዋል። በስቶፕ ሞሽን ደግሞ አሻንጉሊቱን ትንሽ ታንቀሳቅሳለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ እንደገና ታንቀሳቅሳለህ። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔ ግን በጣም ነው የምወደው።

ኮምፒውተር ላይ ዋና ዋናዎቹን አቋሞች፣ ማለትም ኪፍሬሞቹን፣ የምትወስነው አንተ ነህ። መሃሉን ሶፍትዌሩ ይሞላልሃል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የምትነጥር ኳስ እየሠራህ ነው እንበል። ሶፍትዌሩ መሃሉን እኩል ከከፋፈለው ኳሷ በገመድ የምትጎተት ትመስላለች። ክብደት የላትም። እውነተኛ ኳስ ጫፍ ላይ ስትደርስ ትዘገያለች፣ ወደ መሬት ስትወርድ ትፈጥናለች። ስለዚህ ከላይ ምስሎቹ ይጠጋጋሉ፣ ከታች ይራራቃሉ። መሬት ስትነካ ትንሽ ጠፍጠፍ ካደረግካትማ በቃ፣ ነፍስ ትዘራለች! ይህን የሚፈርደው ዓይንህ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ይህችኑ ኳስ ደብተር ጠርዝ ላይ በየገጹ ስዬ ገጾቹን በፍጥነት እገልጣቸው ነበር። ከዚያ ብሌንደር የሚባለውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር አውርድ። በነጻ ነው፣ በእጅ ለመሳልም ለስሪዲም (ጥልቀት ላለው ባለ ሦስት አውታር ምስል) ይሆንሃል።