ዝምታውን አትቁረጡት

ልጆቼ፣

ቤቴ ለገጣፎ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ካላለቀው ፎቅ ጀርባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልካችሁን እንጨት ላይ አስራችሁ ቀልድ ስትቀርፁ በመስኮት አያችኋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ ኤዲቲንግ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው እየገለበጥን ነው የምንሠራው። እና እናንተን አይቶ ዝም ማለት ከበደኝ።

ባለፈው የኩሬውን ቪዲዮ አሳይታችሁኝ ነበር። ልጁ ነጭ ሱሪ ለብሶ ይመጣል፣ ይዘላል፣ ጭቃው ውስጥ ይዘረጋል። የሳቅ ድምፅም ጨምራችሁበታል። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ቅር አይበላችሁ። ልጁ ጎበዝ ነው። ሲቀረፅ በመስኮት አይቼዋለሁ። ከመዝለሉ በፊት ሱሪውን ሰብሰብ አደረገ፣ ኩሬውን አየ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ሰው እንዳለ አየ፣ ደግሞ ኩሬውን አየ። እዚያ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። እናንተ ቆረጣችሁት። ለምን ስላችሁ «ጋሼ፣ ሦስት ሴኮንድ ምንም ካልተፈጠረ ሰው ያልፈዋል» አላችሁኝ።

ሚስተር ቢንን ታውቁታላችሁ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ያላየው ማን አለ? ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ሰሜን እንግሊዝ፣ ኮንሴት ውስጥ ተወለደ። የገበሬ ልጅ ነው። የተማረው ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ መጀመሪያ ኒውካስል፣ ከዚያ ማስተርሱን ኦክስፎርድ። አንደበቱም የተፈታ አልነበረም፤ ሲናገር ይንተባተባል። ሌላ ሰው ሆኖ ሲተውን ግን መንተባተቡ እንደሚጠፋለት ራሱ ተናግሯል።

ቢን በቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1990 ነው። እስከ 1995 የተሠራው 15 ክፍል ብቻ ነው። 15! እናንተ በአንድ ወር ከዚያ በላይ ትለጥፋላችሁ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ከዚያ በፊት ያደረገው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ካናዳ ወደሚደረገው የኮሜዲ ፌስቲቫል ሄደ። እዚያ የእንግሊዝኛም የፈረንሳይኛም መድረክ አለ። እሱ እንግሊዛዊ ሆኖ ፈረንሳይኛው ላይ ካልሆነ አለ። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ቀልዱ ይሠራ እንደሆነ ሊፈትን ነው። ኢንጂነር አይደል!

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ስብከቱ ረዘመበት፣ እንቅልፍ መጣ። ሌላ ኮሜዲያን ቢሆን ድብን ብሎ ተኝቶ፣ ዘፍ ብሎ ወድቆ ይገላገል ነበር። ቢን ግን ይታገላል። ዓይኑን በግድ ይከፍታል፣ አንገቱ ይከዳዋል፣ ይቃናል፣ ደግሞ ይከዳዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀስ በቀስ ወርዶ ግንባሩ ወለሉን ይነካል። ቅዳሴ ላይ አንቀላፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ የራሱን አንገት ይነካል። ያንን ቁልቁለት እኔ በጉብዝናዬ ዘመን አግኝቼው ቢሆን ኖሮ አሳጥሬ አበላሸው ነበር።

አበላሽቼም አውቃለሁ። አንድ የበዓል ፕሮግራም ላይ ነው። ኮሜዲያኑ እንግዳ ሆኖ ማዕድ ቀርቧል። ዶሮው ላይ የቀረችው አንድ እንቁላል ናት። ባለቤቱ «ብላ እንጂ፣ አትፈር» ይለዋል። ሰውየው እንቁላሏን ያያል፣ ባለቤቱን ያያል፣ የባለቤቱን ልጅ ያያል፣ ተመልሶ እንቁላሏን። ቃል አይወጣውም። ፕሮግራሙ ረዝሞብን ነበርና ቢበዛ አሥር ሴኮንድ ቢሆን ነው ብዬ አወጣሁት። በዓሉን እህቴ ቤት ሆኜ ስናየው ከዘመዶቼ አንድም ሰው አልሳቀም። በነጋታው ኮሜዲያኑ ደወለ። እንኳን አደረሰህም አላለኝ። «እንቁላሏን አንተ ነህ የበላሃት?» ብሎ ዘጋው። እስከ ዛሬ ዶሮ ሲቀርብ ትዝ ይለኛል።

ያ ዝምታ ባዶ መስሎኝ ነበር። ተመልካቹ ግን እዚያ ውስጥ ሥራ ላይ ነው፤ «ሊያነሳት ነው፣ አይ አያነሳትም» እያለ ይጠብቃል። እኔ ስቆርጠው የሚጠብቀው ነገር አጣ። እናንተም በኩሬው ላይ ያደረጋችሁት ይህንኑ ነው። ልጁ የሚወድቀው ሱሪውን እየሳሳለት መሆኑን ካላየን፣ ለእኛ የወደቀ ልጅ ነው፤ እሱማ ክረምት ላይ በየመንገዱ ሞልቷል።

ከመለጠፋችሁ በፊት ድምፁን ዘግታችሁ ለሌላ ሰው አሳዩት። ወተት የምታመጣልን እናት ከኦሮምኛ ሌላ አትናገርም። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ክፍል እያየሁ ደረሰች። መስፈሪያውን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ቀረች። የቢን ግንባር ወለል ሲነካ ሳቋ ሰፈሩን አናጋው። እሷ ከሳቀችላችሁ ሌላ ሰው አትጠይቁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች፣ እንዳታሳልፏት።

የኩሬውን ደግሞ ቅዳሜ እንደገና ቅረፁት፤ ሳይደርቅ ድረሱበት። ያኛው ሱሪ አይታጠብም ብላችኋል፤ የእኔ ነጭ ሱሪ አለ። ወገቡ ሰፊ ስለሆነ ገመድ ይዛችሁ ኑ።