«ሐይቁስ ይታገድ?» ለሚሉኝ ልጆች

ልጆቼ፣

ሐዋሳ ውስጥ ከመድኃኒት መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ክርክር አልጠላም። አንድ ነገር ግን አንገሽግሾኛል። የሺሻ ክልከላ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዳችሁ ቀደም ብላችሁ «ጋሼ፣ ሐይቁም እኮ ሰው ይበላል፤ ሐይቁስ ይታገድ?» ትላላችሁ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ ተናጋሪው የረታ ይመስለዋል፣ ወሬውም ወደ ኳስ ይዞራል።

እስቲ ሳቁን ትተን ሐይቁን እንየው። ማንም ከውጭ አላስገባውም፣ ማንም አሽጎ አይቸረችረውም። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣው ሲገፈፍና ሲሸጥ ብታዩ ስንት ቤት በእሱ እንደሚያድር ይገባችኋል። አደጋውም ቢሆን መላ አለው፤ ዋና ይለመዳል፣ ጀልባ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ይለበሳል፣ ጉማሬ ካለበት ይራቃል። ጉዳቱን ቀንሰን ጥቅሙን ማስቀረት እንችላለን። ከሺሻ ላይ ጉዳቱ ቢነሳለት ግን ምን ይተርፋል? ጨዋታው ካላችሁኝ፣ ጨዋታ ያለ ጭስም ይደምቃል።

ከዚህ የሚሻለውን ጥያቄ ያመጣው አንድ ተለማማጅ ነው፤ «ፓራሲታሞልም እኮ ጉበት ይጎዳል፤ ለምን ያለ ማዘዣ እንሸጣለን?» አለ። ይህ የሙያ ጥያቄ ነው። እኛ ቤት ሲበዛ የማይጎዳ ነገር የለም። ሞርፊንና ፔቲዲን የሚባሉት ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች ቁልፍ ባለው ቁምሳጥን ተቀምጠው በልዩ ማዘዣ ይወጣሉ፣ እያንዳንዷ የመርፌ ብልቃጥ መዝገብ ላይ ትሰፍራለች። አንቲባዮቲክ በማዘዣ ነው (በሕጉ ማለቴ ነው፤ አሠራሩን እናንተም ታውቁታላችሁ)። ፓራሲታሞልን ግን የጠየቀ ይገዛል፤ ለጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም እንዳያልፍ ይነገረዋል፣ በዚያ ልክ ከተወሰደም ትኩሳት ያወርዳል፣ ሕመም ያስታግሳል። መደርደሪያው የተከፋፈለው የሚጎዳና የማይጎዳ ተብሎ አይደለም። በልኩ ሲወሰድ ምን ይጠቅማል? ሱስ ያስይዛል? የተሻለ ምትክ አለው? ጉዳቱ ለወሳጁ ብቻ ነው ወይስ አጠገቡ ለተቀመጠውም? ይህን ሁሉ ዘሎ «ያም ይጎዳል፣ ይህም ይጎዳል» ማለት ምንም አለማለት ነው።

ክልከላውን የሚደግፉትንም አልምራቸውም፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። «አንድ ሺሻ ማለት መቶ ሲጋራ ነው» ሲባል ሰምታችኋል። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በአንድ ሰዓት ሺሻ የሚሳበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ እንደሚሆን ጽፏል። የጭስ መጠን ነው የተባለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያሰሉ፣ አንድ ጊዜ ሺሻ ማጨስ ከአንድ ሲጋራ ጋር ሲነጻጸር ጭሱ 125 እጥፍ ገደማ፣ ታሩ (ዝፍት መሰሉ ዝቃጭ) 25፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ (ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ) 10፣ ኒኮቲኑ ደግሞ 2.5 እጥፍ ሆኖ አገኙት። አያችሁ? ያው አንድ ሺሻ በፈለጋችሁት መለኪያ 125ም 2.5ም ይሆናል። በዚያ ላይ ሲጋራ አጫሹ በየቀኑ ፓኮ ሲጨርስ ሺሻ አጫሹ በሳምንት አንዴ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ንጽጽሩ እንከን እንዳለው ተናግረዋል። ይህን የተረዳ ልጅ «መቶ ሲጋራ» ያሉትን ሰዎች ከዚያ ወዲያ እውነት ሲናገሩም አያምናቸውም። እኔ ብሆን ሌላውን ሁሉ ትቼ ስለ ከሰሉ እነግረው ነበር። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያስቀረውም፤ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ እዚህ አገር የማያውቅ የለም።

«ሲጋራ እየተሸጠ ሺሻ ለምን?» የሚለው ግን ጠንካራ ጥያቄ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሲከለክል ሲጋራን 21 ዓመት ለሞላው ሰው ትቶታል። ይህ የሆነው ሲጋራ ስለሚሻል አይመስለኝም። ሥር የሰደደን ነገር መንቀል ከባድ ነው፣ ገና የሚስፋፋውን ማቆም ይቀላል። አለመጣጣም አለ ካላችሁ እስማማለሁ። ነገር ግን አለመጣጣሙ የቱ ወገን ይስተካከል የሚለውን አይነግራችሁም። ሺሻን ከመፍቀድ ይልቅ ሲጋራውን ማጥበቅም ያስተካክለዋል።

ጫትስ? እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በሲዳማ ስንቱ ገበሬ በእሱ ልጅ ያስተምራል። ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ሆኖም የኑሮ ምክንያት እንጂ የጤና ምክንያት አይደለም፣ ሁለቱን አታደባልቁብኝ። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2014 ጫትን ያገደችው የራሷ የባለሙያዎች አማካሪ ምክር ቤት ይህን እንዳታደርግ መክሯት ሳለ ነው። የክልከላ ውሳኔ በጉዳት ሚዛን ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ለእኛ ለፋርማሲስቶች ይተውልን ነበር።

አሁን አሁን ደግሞ ቬፕ፣ ያው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራው፣ ኪሳችሁ ገብቷል። ሻጮቹ «ከሲጋራ ይሻላል» ይሏችኋል። ለሃያ ዓመት ሲጋራ ላጨሰ ሰው ይህ ንጽጽር ትርጉም አለው፤ ሊያነጋግር ይችላል፣ ከእኔም ጋር ቁጭ ብሎ ሊመክርበት ይችላል። ሲጋራ በአፉ ዞሮ ለማያውቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ከሲጋራ ጋር ምን ያወዳድረዋል? እሱ ከምንም ተነስቶ ነው ኒኮቲን ውስጥ የሚገባው። በሚቀጥለው ጊዜ ኪሳችሁ ያለውን ይዛችሁ ስትመጡ፣ ከምን ጋር እንዳወዳደራችሁት አስቀድሜ እጠይቃችኋለሁ።