«ይሄ ሙዚቃ መቼ ነው የሚጀምረው?»

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ነዎት፣ እኔ እዚሁ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ትንሽ ካፌ አለችኝ፣ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ አንድ ፍላሽ ሙዚቃ ሞልቶ ሰጠኝና «ይሄን ከሰዓት በኋላ ክፈተው፣ ደንበኛህ ይረጋጋል» አለኝ። ከውስጡ አንዱ ፖል ዴዝመንድ የሚባል ሰው «ቴክ ቴን» የሚል አልበም ነው፣ ሳክስፎንና ጊታር። አራት ቀን ሙሉ ከፈትኩት፣ እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጀምረው እያልኩ እየጠበቅኩ አለቀ። ጓደኞቼ የሊፍት ሙዚቃ ነው ይላሉ። አንዷ ደንበኛ ግን ሂሳቧን ከፍላ ቦርሳዋን ካነሳች በኋላ መልሳ ቁጭ አለችና ሁለት ሙዚቃ ሰምታ ሄደች። እሷ የሰማችው እኔ ያልሰማሁት ምንድነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም እኔም ይሄንኑ አልበም መጀመሪያ ስሰማ በሆዴ የጠየቅኩት እሱኑ ነው። አዋሳ እርሻ ኮሌጅ ተማሪ እያለሁ አንድ መምህራችን ቤት በካሴት ነበር የሰማሁት። ያኔ ጆሯችን የለመደው ሳክስፎን ሌላ ነበር፣ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን። ጌታቸው ማለት ሽለላና ፉከራን በቴነር ሳክስ ያወጣ ሰው ነው፣ ገና ሲጀምር ጋሻውን ያነሳ ጀግና ፊትህ የቆመ ነው የሚመስለው፣ ደረትህ ይነፋል። ሳክስ ማለት እሱ ነው ብለህ አድገህ በድንገት ዴዝመንድን ስትሰማ መሳሪያው ራሱ የተቀየረ ይመስልሃል። በከፊል ልክ ነህ፣ ተቀይሯል፣ የጌታቸው ቴነር ነው፣ የዴዝመንድ ደሞ አልቶ፣ ከቴነር ያነሰና ድምፁ ቀጠን ያለ። ግን ዋናው ልዩነት እዛ አይደለም። ዴዝመንድ ድምፁን አያንቀጠቅጥም፣ አያስጮህም፣ ትንፋሹን ብቻ ለቀቅ አድርጎ ያሳልፈዋል። እሱ ራሱ ድምፁ እንደ ድራይ ማርቲኒ እንዲሆን እንደሚፈልግ ተናግሯል፣ ማርቲኒ ማለት ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ ስኳር የማይነካው መጠጥ ነው። እኛ ቤት ቢሆን ስኳር ያልገባበት አንደኛ ቡና እለው ነበር፣ ቀዝቃዛ ባይሆንም።

አሁን «መቼ ነው የሚጀምረው» ወዳልከው ልምጣ፣ እሱ ጥያቄ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ። አልበሙን የሚከፍተው፣ ስሙንም የሰጠው የመጀመሪያው ሙዚቃ በአምስት ነው የሚቆጠረው። ጠረጴዛህን በጣትህ እየመታህ ቁጠረው፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት። የኛ ችክችካ በስድስት ነው የሚሄደው፣ ከልጅነታችን ሰርግ ላይ ያጨበጨብነው እሱን ነው፣ ስለዚህ እግርህ ሳታውቀው ስድስተኛዋን ምት ይጠብቃል፣ ሙዚቃው ግን ስድስተኛዋን ሳይሰጥህ ይዞራል። አንተ «አልጀመረም» ያልከው እግርህ መሬት ስላላገኘ ይመስለኛል። አንድ ቀን ቁጭ ብለህ አምስቷን እየቆጠርክ ስማው፣ ከዛ በኋላ ሳትቆጥር ትይዘዋለህ፣ አንዴ ከያዝከው ደሞ ስሜቱ ጀልባ ላይ እንደመቀመጥ ነው፣ ትንሽ ያዘነብላል ግን አይጥልህም።

ይሄ በአምስት መቁጠር ለዴዝመንድ አዲስ አልነበረም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1924 ሳን ፍራንሲስኮ ነው የተወለደው፣ ከ1951 እስከ 1967 ከፒያኒስቱ ዴቭ ብሩቤክ ጋር በኳርቴት፣ ማለት በአራት ሰው ባንድ፣ ተጫውቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1959 ያ ኳርቴት በቀረጸው አልበም ላይ «ቴክ ፋይቭ» የሚለውን የደረሰው እሱ ነው፣ ስሙን ባታውቀው እንኳ ዜማውን በእርግጠኝነት ሰምተኸዋል፣ የሆነ ማስታወቂያ ወይ የሆነ ሬዲዮ ላይ። ከአራት ዓመት በኋላ ነው የራሱን አልበም ሲሰራ ለዛኛው ታናሽ ወንድም የሚመስል ሙዚቃ ጽፎ «ቴክ ቴን» ያለው። የሚገርመኝ ነገር፣ በ1977 ሲሞት የቴክ ፋይቭን ገቢ ለአሜሪካ ቀይ መስቀል ተናዞ ነው የሄደው። የዛን ሰው ጨዋነት ሳክስፎኑም ውስጥ የምሰማው ይመስለኛል፣ ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

ግን ወንድሜ ያቺ ደንበኛህን መልሶ ያስቀመጣት ሳክስፎኑ ብቻ አይመስለኝም፣ ከጀርባው ያለው ጊታር ነው። ጂም ሆል ይባላል። ስማ፣ እኛ አገር ዘፈን ላይ አውጪና ተቀባይ አለ አይደል፣ አውጪው ግጥሙን ይወረውራል ተቀባዩ ያነሳዋል፣ ተቀባይ ከደከመ አውጪው የፈለገ ድምፀ መልካም ቢሆን ጭፈራው ይቀዘቅዛል። ጂም ሆል እኔ ከሰማኋቸው ሁሉ ትልቁ ተቀባይ ነው። ልዩነቱ እሱ ሁሌ ተራውን ጠብቆ አይደለም የሚቀበለው፣ ዴዝመንድ ገና እየተናገረ ከስር ሁለት ኖት ጣል ያደርግለታል፣ አንዳንዴ ደሞ ምንም አይጥልም፣ ዝም ይለዋል፣ እና ያ ዝምታ ራሱ መልስ ሆኖ ይሰማል። ጨዋታ የሚያውቅ ሽማግሌ ከአጠገብህ ተቀምጦ «እህ» እያለ ሲያዳምጥህ ወሬህ ራሱ እንደሚያምረው ማለት ነው። ዴዝመንድ ደሞ የሚገርም ልማድ አለው፣ አንድ ሐረግ ከፍ አድርጎ ይናገርና ዝቅ አድርጎ ለራሱ ይመልሳል፣ ብቻውን ሁለት ሰው ይሆናል፣ ጊታሩ ሲጨመር ሦስት ሰው የሚያወራበት ቤት ውስጥ ያለህ ይመስልሃል፣ ማንም ግን የማንንም አፍ አይነጥቅም።

ድራሙን «አይሰማም» ብለህ ይሆናል፣ ኮኒ ኬይ ነው የሚመታው፣ «ሞደርን ጃዝ ኳርቴት» የሚባለው ባንድ ሰው፣ ቀስ ብሎ በመምታት የታወቀ። ቀስ ብሎ መምታት ደሞ በኃይል ከመምታት ይከብዳል፣ ምቱ ሳይወድቅ ድምፁን ማሳነስ ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ካፌህን ዘግተህ ሁሉ ሰው ሲሄድ፣ ወይ ማታ ቤትህ፣ በስልክ ስፒከር ሳይሆን በኤርፎን ስማው፣ ምክንያቱም የስልክ ስፒከር ቤዙን ሙሉ በሙሉ ይበላዋል፣ ጊታሩንም ግማሹን፣ የቀረህ ቀጭን ሳክስ ብቻ ይሆንና ጓደኞችህ ሊፍት ቢሉት አይፈረድባቸውም። «አሎን ቱጌዘር» የሚለውን ምረጥ። መጀመሪያ ስትሰማው ሳክሱን እርሳውና ቤዙን ብቻ በጆሮህ ተከተለው፣ ሲያልቅ መልሰው፣ አሁን ጊታሩን ብቻ፣ በተለይ ሳክሱ ሲጫወት ጊታሩ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደሚተው። ሦስተኛ ጊዜ ነው ሳክሱን የምትሰማው፣ ያኔ የመጀመሪያው ሳክስ አይደለም፣ ቃሌን እሰጥሃለሁ። ከስሙ ጀምሮ ልብ በል፣ አብረው ሆነው ብቻቸውን እንደማለት ነው፣ እነዚህ ሰዎች የሚጫወቱት ልክ እንደዛ ነው።

ለካፌህ ደሞ፣ ምሳ ሰዓት አትክፈተው፣ ሳህን ሲንኳኳ፣ ባጃጅ ሲያጮህ፣ ሰው ዓሳ ጉላሽ ሲያዝ ለዚህ ሙዚቃ ቦታ የለውም። አስር ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳና ሰው ማኪያቶውን ይዞ ማውራት ሲያቆም፣ ያኔ ክፈተው። ድምፁን ዝቅ አድርግ፣ ግን ጊታሩ እስኪጠፋ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔም ከሐዋሳ ነኝ፣ ሆቴል ውስጥ በምንሰራ ባንድ ጊታር እጫወታለሁ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገባ፣ አሁን ሳክስ፣ ቤዝ፣ ድራምና እኔ ብቻ ቀረን። ሳክሱ ሶሎ ሲገባ ባዶ ቦታውን ለመሙላት ኮርድ (ብዙ ኖት አንድ ላይ) አብዝቼ እመታለሁ፣ ሳክሱ ደሞ «አፈንሽኝ» ይለኛል፣ ሳቆም ደሞ ባዶ ይመስላል። ፒያኖ የሌለው ባንድ እንዴት ነው የሚጫወተው?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ከላይ ያለውን አልበም ዛሬውኑ ማውረድ አለብሽ፣ የናንተ ባንድ ልክ የዛ አልበም ባንድ ነው፣ ሳክስ፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ አለቀ።

ፒያኖ የሌለበት ምክንያት ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ዴዝመንድ በብሩቤክ ኳርቴት ውስጥ እያለ በራሱ ስም ሲቀርጽ ከሌላ ፒያኒስት ጋር ላለመቅረጽ ከብሩቤክ ጋር ተስማምቶ ነበር። ቃል ነው። ቃሉን ጠብቆ ፒያኖን ሲተው ጊታር አገኘ፣ ከጂም ሆል ጋር በ1959 አብረው ቀረጹ፣ ከዛም እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ቀጠሉ። የሚገርመው ብሩቤክ ኳርቴቱን በ1967 ከበተነ በኋላም፣ የሚያስረው ነገር ሳይኖር፣ ዴዝመንድ ወደ ጊታር እየተመለሰ ነበር፣ በ1970ዎቹ ቶሮንቶ ሲጫወት አብሮት የነበረው ኤድ ቢከርት ጊታሪስት ነው። እኔ የሚገባኝ፣ ፒያኖ አስር ጣት አለው፣ ቦታውን ይሞላዋል፣ ዴዝመንድ ደሞ የሚፈልገው ያልተሞላ ቦታ ነበር።

ስለዚህ ያ «ባዶ» የምትይው ነገር አያስፈራሽ። ጂም ሆል የሚያደርገውን ስሚው። አንደኛ፣ ኮርዱን ሙሉውን አይመታም፣ ሁለት ሦስት ኖት ብቻ ይመርጣል፣ የኮርዱን መሠረት ለቤዙ ይተወዋል፣ ቤዙ እየተጫወተው አንቺ ብትደግሚው ከስር ይደፈጥጣል እንጂ አይጨምርም። ሳክስ ተጫዋችሽ «አፈንሽኝ» ያለሽ እዚህ ጋር ይመስለኛል፣ ስድስቱንም ክር ስትመቺ እሱ የሚተነፍስበትን ድምፅ ራሱ እየያዝሽበት ነው። ሁለተኛ፣ በየምቱ አይመታም፣ ሳክሱ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ይጠብቃል። የሳክስ ተጫዋች የግድ ይተነፍሳል፣ የአንቺ በር እሱ ነው። ሦስተኛ፣ አምፑን፣ የጊታሩን ድምፅ ማጉያ ማለት ነው፣ ዝቅ አድርጎ ነው የሚጫወተው፣ ጊታሩ ከእንጨቱ የሚወጣ እስኪመስል፣ ክሩን የነካበት ጣት ይሰማሻል። አንቺም አምፑን ቀንሺውና ቤዙና ድራሙም እንዲቀንሱ ጠይቂያቸው፣ አንቺ ብቻ ብትቀንሺ ትጠፊያለሽ፣ ይሄ የጋራ ስምምነት ነው።

እና ደሞ አንድ ሌላ ልስጥሽ። ያው ጂም ሆል በ1962 ከሶኒ ሮሊንስ ጋር «ዘ ብሪጅ» የሚል አልበም ላይ ተጫውቷል፣ እዛም ፒያኖ የለም፣ ግን ሮሊንስ ቴነር ነው፣ ጉልበተኛ፣ ወደኛው ጌታቸው የሚጠጋ ሰፊ ድምፅ ያለው። አንድ ጊታሪስት ከሁለት እንደዚህ ከተራራቁ ሰዎች ጋር እንዴት እንደሚቀየር ጎን ለጎን ብትሰሚው ከስንት ክላስ ይበልጥሻል። የአልበሙ ስም «ድልድዩ» የሆነውም ሮሊንስ ከ1959 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ መድረክ ትቶ ኒውዮርክ ያለ ድልድይ ላይ እየወጣ ስለተለማመደ ነው፣ ጎረቤት እንዳይረብሽ። ሳክስ ተጫዋችሽ ጎረቤት ካስቸገረው ንገሪው፣ ሐዋሳ ድልድይ ባይኖራት ጠዋት ጠዋት ሰፊ ሐይቅ አላት፣ ዳር ዳሩን የቆሙት አባ ኮዳ ወፎች እንደሆኑ ከዓሳው አንጀት በቀር የሚያስጨንቃቸው የለም።

ጥያቄ፦ «ኩል ጃዝ» ለምን ኩል ተባለ? ከኢትዮ ጃዝ ጋርስ ዘመድ ነው?

መልስ፦ ባጭሩ፣ ኩል ማለት ቀዝቃዛ ማለት ነው፣ የዴዝመንድም ሙዚቃ ከዚሁ ወገን ነው። በ1940ዎቹ ቢባፕ የሚባለው ፈጣንና ትኩስ ጃዝ ነገሠ፣ ከዛ በአስርቱ ዓመታት መጨረሻ አንዳንዶቹ ቀዝቀዝ፣ ረጋ ማለት ፈለጉ። ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ በ1949 እና 1950 በዘጠኝ ሰው ባንድ የቀረጻቸው ሙዚቃዎች በ1957 «በርዝ ኦፍ ዘ ኩል»፣ የኩል ልደት እንደማለት፣ ተብለው በአንድ አልበም ወጡ፣ ስሙም ጸና። ከነሱ በፊት ግን ለስላሳውን የሳክስ መንገድ የጠረገው ሌስተር ያንግ ነው።

ከኢትዮ ጃዝ ጋር ዘመድ ናቸው አልልም። ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ተወልዶ እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ ያመጣው ነገር መሠረቱ የኛው ቅኝት ነው፣ አምስት ድምፅ ያላቸው ትዝታና ባቲ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ዴዝመንድ ደሞ በአሜሪካ የድሮ ዘፈኖች ኮርድ ላይ ነው የሚንሸራሸረው። ግን አንድ ላይ ማጫወት ይቻላል፣ የሙላቱን ቫይብራፎን የለመደ ጆሮ ችኩል አይደለም፣ ለዴዝመንድ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የካፌው ወንድሜ አንተም ይሄን ሞክረው፣ መጀመሪያ ሙላቱን ከዛ «ቴክ ቴን»ን።

እና ያቺ ደንበኛህ ተመልሳ ከመጣች የትኞቹን ሁለት ሙዚቃዎች እንደሰማች ጠይቅልኝ፣ መልሷን ጻፍልኝ፣ እኔ አንዱን የገመትኩ ይመስለኛል።