የሚወጋው ሰይፍ ስለታም ነው ወይስ ሹል?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንት የአውሮፓ ሰይፎች የተጻፈ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ባለታሪኩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ለመውጋት ብቻ የሚያገለግል ሰይፍ አልጋው አጠገብ ያኖራል። “ለቤት መከላከያ ያስቀመጠው ስለታም ጎራዴ” ብዬ ተረጎምኩት። ባልደረባዬ “ጎራዴ አይባልም” አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው፤ እኔን ግን ከ“ጎራዴ” ይልቅ የቆረቆረኝ “ስለታም” ነው።

በጎራዴው ልጀምር። ቃሉ ከ“ጎረደ” ጋር ይዛመዳል፤ ጎረደ ማለት ቆርጦ አሳጠረ ነው። ጉርድ ቀሚስ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ የምንለውም ከዚሁ ነው። ስሙ ራሱ መቁረጥን ይዞ የመጣ መሣሪያ “መውጊያ” ሲባል ጆሮ ያንገራግራል። ሾተልም አይሆንልዎትም፤ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። የቀረው “ሰይፍ” ነው፤ እሱ ለቆራጩም ለወጊውም ይሆናል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሳኦል ጋሻ ጃግሬውን “ሰይፍህን መዝዘህ ውጋኝ” ይለዋል። ስለዚህ “መውጊያ ሰይፍ” ይበሉ።

አሁን ወደ “ስለታም”። ስለት የሚባለው በሞረድ ወይም በድንጋይ የተሳለው ጠርዝ ነው፤ ቢላዋ ስለት አለው፣ ምላጭም አለው። መርፌ ግን ስለት የለውም፤ ሹል ነው። ራፒየር የሚባለው የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ረጅም ሰይፍ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ነበሩት፦ ሹል ጫፍና፣ መጠነኛም ቢሆን፣ ስለት። እሱን የተካው አጭርና ቀላል ሰይፍ፣ ማለትም ባለታሪክዎ አልጋው አጠገብ ያኖረው ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ብረቱ አግድም ቢቆረጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ጎኖቹ ወደ ውስጥ ስለተሰረጎዱ ሳይከብድ አይለመጥም፤ የሚቆርጥ ጠርዝ ግን የለውም። በጣት ቢዳስሱት ጎኑ አይቆርጥም፤ ሥራው ሁሉ ጫፉ ላይ ነው። ይህን “ስለታም” ማለት ወስፌን ስለታም እንደ ማለት ነው። ብረቱን በሙሉ “ስለት” እያሉ መጥራትም እዚህ ላይ አይሠራም፤ “የሰይፉ ብረት” ቢሉ በቂ ነው።

“ለቤት መከላከያ” የሚለው ስሕተት አይደለም፤ ሆኖም “ተከላከለ” ባለ ሁለት ፊት ግስ ነው። አገር መከላከያ ስንል የሚጠበቀው አገሩ ነው፤ የወባ መከላከያ ስንል ግን የሚባረረው ወባው ነው። “የቤት መከላከያ” ሲሉ አንባቢ እንደ አገሩ ይወስደዋል፤ “የሌባ መከላከያ” ሲሉ እንደ ወባው። አንባቢዎን ከዚህ ማመንታት ማዳን ከፈለጉ ግሱን ፈትተው ይጻፉት፦ “ሌባ ቢገባበት ራሱን ሊከላከልበት አልጋው አጠገብ ያኖረው ሹል መውጊያ ሰይፍ”። ረዘመ፤ ቢሆንም ግልጽ ነው።

ታሪኩ ቀጥሎ ሌባው በርግጥ ከገባ ደግሞ “ሰየፈው” ብለው እንዳይጽፉ። መሰየፍ አንገት መቁረጥ ነው፤ በዚህ ሰይፍ አንገት አይቆረጥም። “ወጋው” ይበሉ።