እግር የሚያሳብጠው አፈር

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከምሥራቅ ጎጃም ነው። የ22 ዓመት እህቴ ሁለቱም እግሮቿ ያብጣሉ፤ ተኝታ ስታድር ጎደል ይላል፣ ማታ ይመለሳል። አልፎ አልፎም «ምች ነው» እየተባለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይላታል። ጎረቤት «በዘር ነው፣ ይጋባል» ብሎ ይሸሻታል። የሽንት ክኒን ብትወስድም አልተሻላትም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቅድሚያ የሚጠረጠረው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ከአፈር የሚመጣው ዝሆኔ ነው። ደጋ ላይ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ፣ ደቃቅ ብናኙ በቆዳ ሰርጎ የሊምፍ ቱቦዎችን (ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች) ይጎዳል፤ ፈሳሹም መውጫ ያጣል። የሽንት ክኒን ያልጠቀማት ለዚህ ነው። ተጋላጭነቱ በዘር ሊመጣ ይችላል፤ በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ጎረቤት ግማሹን ብቻ ነው የሰማው። ቢሆንም ልቧ፣ ኩላሊቷና የእግሯ ስሜት ጤና ጣቢያ ይታይላት።

ተኝታ ስትነሳ የሚጎድል ከሆነ እብጠቱ ገና ለስላሳ ነው፤ ሊቀንስ ይችላል። በየማታው እግሯን በሳሙናና በንጹህ ውሃ ትጠብ። ከዚያ 6 ሊትር ውሃ ውስጥ 15 ሚሊ ሊትር (አንድ የሾርባ ማንኪያ) 5 በመቶ በረኪና ጨምራ 20 ደቂቃ ትዘፍዝፈው። በረኪና ማብዛት ቆዳ ያቃጥላል እንጂ አያፋጥንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማድረቁ ላይ ነው፤ በጣቶቹ መሃል እርጥበት ከቀረ ፈንገስ ይበቅላል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባል። ያ «ምች» የሚባለው ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ በንጹህ ጨርቅ፣ ሳይፈተግ፣ ጣት በጣት ይደረቅ። ቫዝሊን ለደረቀው ቆዳ ነው፤ በጣቶች መሃል አይቀባም። እዚያ ፈንገስ ካለ ዊትፊልድ የሚባለው የፈንገስ ቅባት ይቀባል፣ ቁስል ላይ ግን አይሆንም።

ስትተኛ እግሯን ከፍ ታድርግ። ፋሻ የሚታሰረው ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ፣ ከጣቶች ሥር ጀምሮ እስከ ጉልበት በታች ነው፤ አጠማጠሙን ባለሙያ ያሳያት። ጣቶቿ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ይላላ። ካልሲና ሰፋ ያለ ሽፍን ጫማ ቤት ውስጥም ያስፈልጋታል፤ የቤቱም ወለል አፈር ነውና።

ትኩሳቱ ሲነሳ ፋሻው ይፈታ፣ እግሩ ከፍ ይበል፣ ፓራሲታሞል ትውሰድ፣ በዚያው ዕለት ለአንቲባዮቲክ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ዳማከሴ ብቻ ይዞ መቆየት አይበቃም፤ መብጣትና ዋግምት ደግሞ አዲስ ቁስል ይከፍታሉ። ካስመለሳት፣ ከቃዠች ወይም ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዷት።