ከስትሬፕ በኋላ ድንገት የተለወጡ ልጆች፦ ስለ ፓንዳስና ስለ አንቲባዮቲክ ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? ለማታውቁኝ፣ ፋርማሲስት ነኝ። ፓንዳስ ያለበት ልጅም እናት ነኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ ምርመራም ሆነ የመድኃኒት መጠን ከእኔ አትጠብቁ። ሌላውን ግን ጠይቁ፣ እስከቻልኩ እመልሳለሁ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ስትሬፕቶኮከስ፣ ባጭሩ ስትሬፕ፣ ቶንሲል የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ሰውነት እሱን ለመዋጋት ያመረተው አንቲቦዲ በአንዳንድ ልጆች ላይ ተሳስቶ የአንጎልን ክፍል ያጠቃል ተብሎ ይታሰባል። ልጁ በድንገት በኦሲዲ ወይም በቲክ ይያዛል፤ ፓንዳስ የሚባለው ይህ ነው። ኦሲዲ ከአእምሮ አልወጣ የሚል ሐሳብ፣ ደጋግመህ አድርግ አድርግ የሚል ግዴታ ነው። ቲክ ደግሞ ሳይፈልጉት የሚመጣ የዓይን መርገብገብ፣ የትከሻ መወዝወዝ ወይም ድምፅ ነው። በ1998 ዶክተር ሱዛን ስዊዶና ባልደረቦቿ 50 ልጆችን መርምረው ነው ይህን የገለጹት። በ2012 ደግሞ መንስኤው ስትሬፕ ብቻ ላልሆነው ፓንስ የሚል ሰፋ ያለ ስያሜ መጣ።

ሁለት ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ደግሜም እላለሁ። ሽሮፕ በወጥ ቤት ማንኪያ አይለካም። የተረፈ አንቲባዮቲክ ለማንም ልጅ አይሰጥም።

ጀማሪ አባት፦ ልጄ ከቶንሲል በኋላ ተለውጧል። ፓንዳስ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ብቻ ማንም ሊመልስልህ አይችልም። ዕድሜው ስንት ነው? ምኑ ነው የተለወጠው? ከመቼ ጀምሮ? የጉሮሮ ናሙና ተወስዷል? ጻፍልኝና እንነጋገር።

የመንታዎች እናት፦ አንዷ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ናት። መሬት ላይ ተንከባልላ ትጮሃለች፣ መጫወቻዋን በመስመር ካልደረደረች አትተኛም። ይህ የዕድሜዋ ነው ወይስ በሽታው? እንዴት ይለያል?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። መጀመሪያ፣ በ1998ቱ መስፈርት የሚጀምርበት ዕድሜ ከሦስት ዓመት እስከ ጉርምስና ድረስ ነው። ከሦስት በታች ያለ ልጅ ላይ ሐኪሞች በጣም ይጠነቀቃሉ፣ ልክም ናቸው። በዚያ ዕድሜ መንከባለሉም፣ መደርደሩም፣ «እኔ ራሴ» ማለቱም ጤነኛ ልጅ የሚያደርገው ነው። ከመኝታ በፊት ያው ተረት፣ ያው ብርድ ልብስ ካልሆነ ማለትም እንደዚያው።

የሚለየው ድንገተኛነቱ ነው። ቀስ በቀስ እየተባባሰ የመጣ ባሕርይ ሌላ መንስኤ ሊኖረው ይችላል። ፓንዳስ ሲሆን ወላጁ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን ይናገራል፦ «ሐሙስ ደህና ነበር፣ ዓርብ ሌላ ልጅ ሆነ» ይላል። ብቻውን ሲጫወት የቆየ ልጅ እናቱ መታጠቢያ ቤት ስትገባ እንኳን በሩ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ምግብ ያንቀኛል ብሎ ፈርቶ መብላት ያቆማል። ሽንቱን ለወራት ተቆጣጥሮ የቆየ ልጅ በየአስር ደቂቃው ሽንቴ መጣ ይላል፣ ሲመረመር ግን ኢንፌክሽን የለም። ክብ መሣል የጀመረ ልጅ እጁ እምቢ ይለዋል። ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ እንዲቆም ብታደርጉት ጣቶቹ ፒያኖ እንደሚጫወቱ ያህል ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ።

መደርደሩን በተመለከተ እኔ የማየው ሲቋረጥ የሚሆነውን ነው። ጤነኛ ልጅ ይናደድና ሌላ ነገር ስታሳዩት ይረሳዋል። ኦሲዲ ያለበት ልጅ ይሸበራል። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ታያላችሁ። በሌላ ነገር ማዘናጋትም አይሠራም። እህቴ፣ ከነገርሽኝ ብቻ ስነሳ ያንቺዋ ልጅ የዕድሜዋን እያደረገች ነው የምትመስለው። የሚያሳስብሽ ነገር ካለ ግን ለሕፃናት ሐኪሟ ንገሪያት።

ሌሊት ፈረቃ፦ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። የጉሮሮ ምርመራው ስትሬፕ የለም አለ። ታዲያ ፓንዳስ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ የትኛው ምርመራ? ፈጣኑ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ ነው፣ አንዳንዴ ያመልጠዋል። ልጅ ላይ ፈጣኑ የለም ሲል ካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) ይላካል፣ ውጤቱ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል። ናሙናው ከሁለቱም ቶንሲልና ከጉሮሮ ጀርባ በደንብ ካልተነካ የትኛውም ውጤት አያስተማምንም።

ሌላው፣ ትንንሽ ልጆች ላይ ስትሬፕ ሁልጊዜ ጉሮሮ ላይ አይደለም። ከሦስት ዓመት በታች ሲሆን አፍንጫ ማፍሰስ፣ ቀለል ያለ ትኩሳትና መነጫነጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ፊንጢጣ ዙሪያ ዳሩ የተለየ ደማቅ ቅላት ካለ፣ ሰገራ ሲወጣም የሚያም ከሆነ፣ ለሐኪሙ አሳዩ። ብዙ ጊዜ የዳይፐር ሽፍታ ተብሎ ቅባት ብቻ ይቀባል። ከፊንጢጣ ዙሪያም ናሙና መውሰድ ይቻላል።

በስትሬፕ ላይ የተመረቱ ሁለት አንቲቦዲዎችን የሚለካ የደም ምርመራም አለ። ኤኤስኦ ከኢንፌክሽኑ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሳምንት፣ አንቲ ዲኤንኤስ ቢ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ከፍ ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ ከፍ ማለቱ ግን የቆየ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በሁለት ጊዜ ልኬት መካከል መጨመሩ ነው ትርጉም ያለው። በተቃራኒውም፣ ስትሬፕ ጉሮሯቸው ውስጥ እያለ ምንም የማይሆኑ ጤነኛ ልጆች ብዙ ናቸው። ለዚህ ነው ቀን ጻፉ የምለው፦ ትኩሳት መቼ፣ ቅላት መቼ፣ ባሕርይ መቼ፣ መድኃኒት መቼ። ሐኪም ፊት «ከሆነ ጊዜ ጀምሮ» ከማለት አንድ ገጽ ማስታወሻ ይሻላል።

አባ ሦስት፦ ሽሮፑን እንዴት ነው የምታስውጡት? ልጄ ይተፋዋል፣ ይጮሃል፣ ሁላችንም እንቃጠላለን።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እውነቴን ነው፣ ብዙ ጊዜ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው ግማሹ ሸሚዝ ላይ ቀርቶ ነው።

አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል። ካልተናወጠ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ወፍራም ይሆናሉ። ስለዚህ በየጊዜው በደንብ ናጡት። የምትለኩት መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ነው፣ ከፋርማሲ ጠይቁ። ማንኪያ አይደለም! የቤት ማንኪያዎች መጠናቸው አንድ አይደለም።

ልጁን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አታጋድሙት። የሲሪንጁን ጫፍ በጉንጩና በድዱ መካከል አስገቡ እንጂ ወደ ጉሮሮ አታነጣጥሩ። ትንሽ ስጡ፣ ይዋጥ፣ ትንሽ ጨምሩ። አፍንጫውን አትያዙ፣ ሊያንቀው ይችላል። ሙሉ የወተት ጡጦ ውስጥም አትጨምሩ። ግማሹን ጠጥቶ ቢተወው ምን ያህል እንደወሰደ በምን ታውቃላችሁ? አሞክሲሲሊን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ሆዱን ካመመው ምግብ አስቀድሙ። ቀዝቀዝ ሲል ጣዕሙ ይለዝባል። ከረሜላ ነው አትበሉት። አንድ ቀን ጠርሙሱን አግኝቶ ይጨርሰዋል።

የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ምርጫ ይወዳል። «ትወስዳለህ?» አይባልም፣ እምቢ ይላልና። «አሻንጉሊቱ ይጠጣና አንተ ትከተላለህ ወይስ አንተ ትቀድማለህ?» በሉት። እንደወሰደው ወዲያው ካስታወከ ፋርማሲስቱን ወይም ሐኪሙን ጠይቁ፣ በራሳችሁ አትድገሙ። አንዱን ጊዜ መስጠት ከረሳችሁ ሁለቱን ደርባችሁ አትስጡ። ጠርሙሱ ላይ የተበጠበጠበትን ቀን ጻፉ። የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ከተበጠበጠ ከ14 ቀን በላይ አይቆይም።

የመንታዎች እናት፦ አራተኛ ቀኑ ላይ ደህና ከሆነችስ? ይቁም?

መልስ፦ አይቁም። ለስትሬፕ ቶንሲል ፔኒሲሊንም አሞክሲሲሊንም በተለምዶ 10 ቀን ነው። የሚታየው ሕመም ቢቀርም ባክቴሪያው ሊኖር ይችላል። ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳትም የሚመጣው በደንብ ካልታከመ ስትሬፕ ነው።

አንባቢ፦ ይቅርታ፣ እኔ ግን ይህ ሁሉ የአስተዳደግ ጉዳይ ይመስለኛል። ልጅ ሲቀበጥ «በሽታ ነው» ማለት በዛ።

ሌሊት ፈረቃ፦ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት እጄ ቆሻሻ ነው ብላ እስክትደማ ስታሽ ብታያት እንዲህ አትልም ነበር።

አባ ሦስት፦ እኛ ቤት ስኳር ከቀነስን በኋላ ነው የተሻለው። ሐኪሞች ይህን አይነግሩም።

አንባቢ፦ እኔ ሁሉም ልጅ አላልኩም። ግን በሽታው ራሱ ያከራክራል አይደል?

ሌሊት ፈረቃ፦ የሚከራከሩት ሐኪሞች ናቸው። አንተ የምትለው ግን እናቶችን ነው።

መልስ፦ ቆይ ቆይ። አንባቢ፣ ክርክሩ እውነት ነው። ከስትሬፕ በኋላ አንጎል ሊነካ እንደሚችል ግን የቆየ እውቀት ነው። የሩማቲክ ትኩሳት አንዱ መልክ የሆነውን፣ ሰውነትን ሳይፈልጉት የሚያንቀሳቅሰውን ሲደንሃም ኮሪያን ቶማስ ሲደንሃም የገለጸው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ክርክሩ ስንቱ ልጅ በእርግጥ ፓንዳስ ነው፣ የትኛውስ ሕክምና ይሠራል የሚለው ላይ ነው። «ቅብጠት ነው» የሚለው ከዚያ ክርክር አይወጣም። በሽብር ውስጥ ያለ ልጅን መቅጣት ደግሞ ይጎዳዋል። አባ ሦስት፣ ስኳር መቀነስ ለጥርሱ ጥሩ ነው። ግን በዚያው ሳምንት አንቲባዮቲክ እየወሰደ ነበር ብለህ ከዚህ በፊት በሌላ ውይይት ጽፈሃል። የትኛው እንደሠራ እንዴት እንለያለን? ወደ ጥያቄ እንመለስ።

እናት ነኝ፦ ልጄ ከቶንሲል በኋላ ተለውጣለች፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብቡ። ዕድሜ፣ ቀን፣ ምልክት፣ ምርመራ። ሳታነቡ ብትጠይቁኝ ሳልረዳችሁ እቀራለሁ፣ ያ ነው የሚያናድደኝ።

አባ ሦስት፦ እንዳይመለስበት ለወራት አንቲባዮቲክ መስጠትስ?

መልስ፦ ሐኪሞች እዚህ ላይ አይስማሙም። በ1999 የወጣ የፔኒሲሊን ጥናት መከላከያነቱን ማሳየት አልቻለም። ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹን ፔኒሲሊን እየወሰዱም ስትሬፕ ይዟቸዋል። በ2005 ፔኒሲሊንና አዚትሮማይሲን የተነጻጸሩበት ጥናት በሁለቱም ቡድን ስትሬፑም ሕመሙ የሚያገረሽበት ጊዜም ቀነሰ አለ፣ ግን ባዶ መድኃኒት የወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ልጅ ታሪክ የሚወሰን ነው። ስትሬፕ በመጣ ቁጥር ደጋግሞ ለሚብስበት ልጅ ሐኪሙ ሊያስበው ይችላል። በወላጅ ፍላጎት ብቻ የሚጀመር አይደለም። ተቅማጥና የአፍ ፈንገስ ይመጣል። ስትሬፕ ፔኒሲሊንን እስካሁን አልተላመደም፣ እነ አዚትሮማይሲንን ግን በብዙ ቦታ እየተላመደ ነው። የተረፈ አትስጡ የምለውም ለዚሁ ነው።

ሌሊት ፈረቃ፦ አይቢዩፕሮፌንስ? በደም ሥር የሚሰጠው አንቲቦዲ፣ አይቪአይጂስ? ቶንሲል ማስወጣትስ?

መልስ፦ አይቢዩፕሮፌን አንዳንድ ሐኪሞች ለአጭር ጊዜ ያዛሉ። ልጁ ካልጠጣ ወይም ካስታወከ ኩላሊቱን ሊጎዳ ስለሚችል ሳትጠይቁ አትጀምሩ። አስፕሪን በፍጹም። የቀሩትን ሁለቱን ለስፔሻሊስት ተዉት።

አያት፦ ልጄ፣ የልጅ ልጄ «እጄ ንጹሕ ነው?» እያለ ቀኑን ሙሉ ይጠይቀኛል። «አዎ» ስለው ደግሞ ይጠይቃል።

መልስ፦ እማማ፣ ይህን የባሕርይ ሕክምና ባለሙያ ከእኔ የተሻለ ይመልስልዎታል። እሱ እስኪገኝ የሚደረገውን ግን ልንገርዎት። «አዎ» ሲሉት ለትንሽ ያርፍና ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። «ይህን የሚጠይቅህ ፍርሃቱ ነው፣ እኔ እዚህ አለሁ» ይበሉትና እጁን ይዘው ሌላ ሥራ ይጀምሩ። አይቆጡት፣ በአንድ ጊዜም አይከልክሉት። በሕመሙ አጣዳፊ ቀናት ልጁ ብዙ አይችልም።

ጀማሪ አባት፦ ጻፍኩ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ነው። ቅዳሜ ትኩሳት ነበረው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምግብ ይተፋል፣ «ያንቀኛል» ይላል። ዛሬ ውኃም እምቢ ብሏል። ናሙና አልተወሰደም።

መልስ፦ ጎበዝ። ውኃ እምቢ ካለ ነገን አትጠብቅ፣ አሁን ሐኪም ዘንድ ውሰደው። የጉሮሮ ናሙና ከአንቲባዮቲክ በፊት እንዲወሰድ ጠይቅ። መዋጥ የሚያስቸግር ሌላ ሕመም መኖሩንም ጉሮሮውን አይተው ያጣሩ። መተንፈስ ካስቸገረው፣ ለሃጩ ከፈሰሰ፣ አንገቱን ማዞር ካቃተው ድንገተኛ ክፍል ነው። ይህን የጻፍከውን እንዳለ አሳያቸው።

የመንታዎች እናት፦ ወንድምና እህትስ ይመርመሩ?

መልስ፦ ምልክት ካላቸው አዎ። መድኃኒት የጀመረው ልጅ በተለምዶ ከ24 ሰዓት በኋላ ለሌሎች አያስተላልፍም። እስከዚያ ኩባያና ማንኪያ ለዩ።

እናት ነኝ፦ አነበብኩት፣ ይቅርታ። አምስት ዓመቷ ነው፣ አሞክሲሲሊን ላይ ናት። ዛሬ ሆዷ ላይ ቀይ ሽፍታ አየሁ። ላቁም?

መልስ፦ ይቅርታ አያስፈልግም፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ከንፈሯ ወይም ፊቷ ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገራት፣ ደጋግማ ካስታወከች ወይም ሽፍታው አብጦ ቦታ እየቀያየረ የሚያሳክክ ከሆነ መድኃኒቱን አትድገሚ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ሂጂ። ጠፍጣፋ ሆኖ የማያሳክክ፣ እሷም የምትጫወት ከሆነ አለርጂ ላይሆን ይችላል። እንዲያም ሆኖ ቀጣዩን ከመስጠትሽ በፊት ለሐኪሟ ደውዪ። ሽፍታውን በደንብ ብርሃን ላይ ፎቶ አንሺው። ስንተኛው ቀን ላይ እንደወጣና ከመጨረሻው መድኃኒት ስንት ሰዓት በኋላ እንደታየ ጻፊ። «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ተብሎ ያለ በቂ ምክንያት ካርዷ ላይ ከተጻፈ፣ ለስትሬፕ የሚሻለውን መድኃኒት ለዓመታት ታጣለች።