ከኢንተርኔት የተገኘ የዘር ሐረግ ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄ፦ የቤተሰቤን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ትውልድ የሚዘረዝር መረጃ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። አምስት ሰዎች በየፊናቸው ያሰፈሩት ተመሳሳይ ስለሆነ እውነት ነው ብዬ ልቀበለው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። አንዱ የጻፈውን አራቱ ገልብጠውት ሊሆን ስለሚችል፣ የአምስቱ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እንደ ፋሚሊሰርች ባሉ፣ ብዙ ሰዎች በጋራ በሚሞሏቸው የዘር ሐረግ ድረ ገጾች ላይ ደግሞ ስለ ሟቾች የሰፈረውን ማንኛውም ተመዝጋቢ ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ከራስዎ ተነሥተው ወደ ኋላ አንድ አንድ ትውልድ እየሄዱ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ ጋር የተያያዘበትን ሰነድ ይፈልጉ፤ ሰነዱንም ሌላ ሰው ከጻፈው ማጠቃለያ ሳይሆን ከዋናው ቅጂ ራስዎ ያንብቡት።

ቀኖቹንም ያመሳክሩ። እናቱ በ1842 ሞታ እሱ በ1845 ተወለደ የተባለ ልጅ ካጋጠመዎት፣ ብዙውን ጊዜ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ተደባልቀዋል ማለት ነው። የሞት ምስክር ወረቀት የሞቱን ቀን በቅርብ ይመሰክራል፤ በላዩ የተጻፈው የልደት ቀን ግን ሐዘን ላይ ያለ ዘመድ በቃል የነገረው ሊሆን ይችላል።

የዲ ኤን ኤ ምርመራም ዝምድና መኖሩን ያሳያል እንጂ የቅድመ አያትን ስም አይነግርም። ያላረጋገጡትን ስም «ያልተረጋገጠ» ብለው ይመዝግቡት፤ ሌላው ዘመድዎ እንደ እውነት እንዳይገለብጠው።